በሚስትህ እጅ

ሰኞ ጠዋት ጽሩያ ሌትሮፕ የሱቁን በር ከፍታ መጀመሪያ የፈለገችው የበርሜል ክዳን ነበር። ክዳኑ የለም። ባንኮኒው ሥር አየች፣ ከምስማር ሣጥኖቹ ጀርባ አየች፣ የተቆለለውን የአጋዘን ቆዳ አንድ በአንድ ገለበጠች። የለም። ባሏ ሕዝቅያስ ቅዳሜ ከሰዓት ለማን ምን እንደሸጠ የጻፈው እዚያ ክዳን ላይ ነበር። ጻፈ ከተባለ ነው እንግዲህ! ወረቀት ሞልቷል፣ ቀለሙ በብልቃጥ ተቀምጧል፣ የዝይ ላባው ተቀርጾ ተዘጋጅቷል፤ ሰውየው ግን በጠመኔ ክዳን ላይ ይሞነጫጭራል። ክብ ማለት ሞላሰስ ነው፤ ጭራ ያለው ክብ ሩም የሚባለው አረቄ ነው፤ ደንበኞቹን ደግሞ በአፍንጫቸውና በእግራቸው ይስላቸዋል።

«ክዳኑስ?» አለችው፣ ሸሚዙን እየቆለፈ ሲመጣ።

«የቱ ክዳን?»

«አንተ ሰውዬ፣ በጠዋቱ አታናግረኝ። የቅዳሜው ክዳን!»

ሕዝቅያስ ራሱን አከከ። «የጨው በርሜል አፉን ከፍቶ ሳየው ጊዜ… ከደንኩበት።»

«እሺ፣ በርሜሉስ?»

«ዲያቆን ሉሚስ ገዝቶ ወሰደው።»

«ቅዳሜ? በዚያ ዝናብ?»

«ቸኩሎ ነበር» አለ ሕዝቅያስ፣ ጥፋቱ የዲያቆኑ ይመስል።

ጽሩያ ካባዋን ደርባ በዚያ ጭቃ ዲያቆን ሉሚስ ወደሚነግድበት መጠጥ ቤት ወረደች። ክዳኑን አገኘችው። ዝናቡ ሙልጭ አድርጎ አጥቦት የቀረው አንድ ረጅም አፍንጫ ብቻ ነበር። በዚያ መንደር ደግሞ ረጅም አፍንጫ የሌለው ሰው ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ሦስት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞረች «ቅዳሜ ምን ወሰድክ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ቅዳሜ የወሰደው ጥቂት ጨው ብቻ ነው። ሩም የወሰደ አንድም ነፍስ አልተገኘም፤ የሩሙ በርሜል ግን አራት ጣት ጎድሎ ነበር።

እንዲህ ነበር ኑሮዋ፤ ሃያ ሁለት ዓመት።

ያደገችው በወፍጮ ቤት ነው። በኮነቲከት ወንዝ ዳር በሚገኙት በእነዚያ መንደሮች ሴት ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ እንድታነብ ፊደል ትማራለች፤ መጻፍ ግን የወንድ ነው። መጻፍ ለሴት ምን ያደርግላታል? ለማን ልትጽፍ ነው? ይላሉ። የጽሩያ አባት ወፍጮውን በስተርጅና ሲያስተዳድር ዓይኑ ደከመ፤ ማን ስንት ቁና በቆሎ እንዳስፈጨ የሚይዝለት ሰው አጣ። ልጅቱ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ዱቄት ውስጥ በጣቷ ፊደል እየሳለች ራሷን አስተማረች። አባትዮው ሲደርስበት ተቆጣ፤ ከዚያም ላባና ቀለም ገዛላት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሕዝቅያስን አገባች። በርሜል ሠሪ ነበር፤ እጁ ለእንጨት የተፈጠረ፣ ልቡ ለሰው ሁሉ የሚራራ፣ ለጽሕፈት ግን ዳተኛ የሆነ ሰው። ሱቁን የከፈቱት በእሷ ሐሳብ ነው፤ በሩ ላይ የተጻፈው ግን የእሱ ስም ነው፤ ይኼ እንኳ ቅር አላላትም።

ቅር የሚያሰኛት ሌላ ነበር። በዚያ አገር ጥሬ ገንዘብ ከወርቅ ይልቅ ይጠፋል። የዕቃው ዋጋ በሽልንግና በፔኒ ይነገራል እንጂ የሚከፈለው በአይብ፣ በቅቤ፣ ለሳሙና በሚሆን አመድ፣ በሰም፣ ለጣራ በተሰነጠቀ እንጨት፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን እርሻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይጻፋል። ሰው ዛሬ ምስማር ወስዶ በመስከረም አይብ ያመጣል፤ በመሐል የሚያስታርቃቸው የጽሩያ መዝገብ ብቻ ነው። መጀመሪያ በዕለት መዝገቡ፣ ከዚያ በትልቁ መዝገብ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ፤ በግራ የወሰደው፣ በቀኝ የሰጠው። ሰዎቹ ግን! ቅቤው ሲመዘን እንዲከብድ ከሥሩ ድንጋይ የምትቀብር ሴት አለች፤ ድንጋዩ ሲወጣ «እኔም እኮ የት ጠፋ እያልኩ ነበር» ትላለች። ለአንድ ክንድ ጨርቅ ሰባቱን ጥቅል አስፈትቶ «ለሚስቴ ነግሬያት እመለሳለሁ» ብሎ የሚሄድ አለ። የወሰደውን ሲነግሩት ሁልጊዜ የሚገርመው አለ። ጽሩያ ማታ ራሷን የሚያማት በከንቱ አልነበረም።

ጽሩያ አንድ ጥብቅ ልማድ ነበራት። ማንም ዕቃ ሲወስድም ሲያመጣም የጻፈችውን ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ «ልክ ነው» ሳይል ከባንኮኒው አይነቃነቅም። ሰዎቹ በዚህ ይሰለቻሉ። ወንዶቹ «ሌላ ስብከት ደግሞ መጣብን» እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ግን ግድ የላትም። መዝገቧ ላይ ሐሰት የለም፤ በዚህ ትኮራለች፤ ከእግዚአብሔር ቃል ቀጥሎ በዚያ መንደር የሚታመነው እሱ ነው ብላ ታምናለች።

ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ጦርነት ባለቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ዕቃ የሚልክላቸው የወደብ ከተማው ነጋዴ ደብዳቤ ጻፈ። እስከ መኸር ድረስ ያለባቸውን ካልከፈሉ ከእንግዲህ አንዲት መርፌ አይልክም። ጽሩያ ትልቁን መዝገብ ገልጣ ከሁሉ የበለጠ ዕዳ ያለበትን ሰው ፈለገች። ብዙም አልደከመች። ሻምበል አስቤል ጊሌት፣ አሥራ አንድ ፓውንድ ከአራት ሽልንግ ከሰባት ፔኒ። ሻምበልነቱን ያገኘው በጦርነቱ በሬ ሲጠብቅ ከርሞ ነው፤ ቢሆንም በሱቁ ውስጥ የሚራመደው የፈረንሳዮቹን ከተማ ኩቤክን ብቻውን እንደያዘ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ልጁን ሲድር ሐር፣ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ሁለት የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን፣ ሦስት ጋሎን ሩም በዱቤ ወስዷል።

ልካ አስጠራችው። መጣ። ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም።

«ሻምበል፣ ሒሳባችንን እንዝጋ» አለች። «አንብቤልዎት…»

«ግዴለም፣ እኔ ራሴ አነባለሁ።» መዝገቡን ወደ ራሱ አዞረና ብዙ ቆየበት። «ይኼ ሁሉ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው። አንድ በአንድ ተነብቦልዎት ‘ልክ ነው’ ብለዋል።»

«ብያለሁ?» አለ። «ውብ ጽሕፈት ነው፣ ወይዘሮ ሌትሮፕ። የማን ነው?»

ሞኟ ጽሩያ ደስ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጽሕፈቷ አንድ ሰው እንኳ አመስግኗት አያውቅም። «የኔ ነው» አለች።

«ሁሉም?»

«ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው።»

ሻምበሉ መዝገቡን በቀስታ ዘጋው። «እንግዲያው እኔ የማውቀው ዕዳ የለም» ብሎ ወጣ።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባት ከሰውት ችሎት ሲቀርቡ ነው። የወረዳው ዳኛ በዓመት ሁለቴ ይመጣሉ፤ ችሎቱም የሚቀመጠው በዲያቆን ሉሚስ መጠጥ ቤት ነው። የዚያን ዕለት ቦታው ጢም ብሎ ሞላ። የሌትሮፕ ባለዕዳ ያልሆነ ሰው ስላልነበረ ሁሉም ነገሩ የት እንደሚደርስ ሊያይ ጓጉቷል። ጽሩያ መዝገቡን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች።

በአገሩ ሕግ የሱቅ መዝገብ ማስረጃ የሚሆነው የጻፈው ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ ሲምልለት ነው። ዳኛው ሕዝቅያስን አስነሡት።

«ይህ መዝገብ የአንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«የእጅህ ጽሕፈት ነው?»

ጽሩያ በልቧ ገፋፋችው። አዎ በል፣ አንተ ሰውዬ፤ አንዲት ቃል ናት፤ በል! ሕዝቅያስ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን አየ፣ ዳኛውን አየ፣ ግንባሩ ላበው።

«እኔ እንኳ፣ ጌታዬ፣ የምጽፈው ስሜን ብቻ ነው። እሱም አንዳንድ ቀን ይጣመምብኛል። የጻፈችው ባለቤቴ ናት።»

ሕዝቡ ሳቀ። ጽሩያ ብድግ አለች። «እኔ እምላለሁ! እያንዳንዱን መስመር እኔ ጽፌያለሁ፣ ለራሳቸው ለሻምበሉ አንብቤላቸዋለሁ!»

«ተቀመጪ፣ እህቴ» አሉ ዳኛው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያናደዳትም ይኼው ነው። «ሚስት በባሏ ጉዳይ ልትምል አትችልም። ባልና ሚስት በሕግ ፊት አንድ ሰው ናቸው።»

«አንድ ሰው ከሆንን የኔ እጅ የሱ እጅ አይደለም እንዴ?»

ዳኛው በመስኮት ፀሐይዋን አዩ። ጥያቄው ሳይከብዳቸው አልቀረም፤ ግን ምሳ ሰዓት ደርሷል። «መማል የሚችለው ሰው አልጻፈውም» አሉ፤ «የጻፈችው ደግሞ መማል አትችልም። ስለዚህ በዚህ ችሎት ፊት ይህን መዝገብ ማንም አልጻፈውም። ክሱ ውድቅ ነው።»

ሻምበል ጊሌት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ለሁለት ሰው ብቻ ሩም ጋበዘ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጽሩያ ከፊት ከፊት ትራመዳለች። ሕዝቅያስ ከኋላዋ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ልዋሽ ኖሯል?» አለ በመጨረሻ።

«ማን ዋሽ አለህ! ሃያ ሁለት ዓመት ‘መጻፍ ላስተምርህ’ ስልህ ‘ነገ፣ ነገ’ ስትል ኖረህ! ነገ ዛሬ ሆነልህ፤ በል ጻፍ!»

«ተቆጥተሻል።»

«አልተቆጣሁም! ማንም ሰው አይቆጣም። እኔ ማንም ነኝ፣ አልሰማህም?»

በማግስቱ ደግሞ የመንደሩ ሰው በሱቁ በር ተሰለፈ። ለመግዛት አይደለም፤ የምሥራች ለመስማት ነው። መጀመሪያ የገባው አመድ አቅራቢው ነበር። እጁን እያፋተገ «እህት ጽሩያ፣ መዝገቡ ወደቀ አሉ፤ እንግዲህ ዕዳችን…» አለ።

«ተሰርዟል» አለችው። «ያመጣኸው አሥራ ስምንት ቁና አመድም አብሮ ተሰርዟል። እሱም እዚያው መዝገብ ላይ ነው የተጻፈው። ሂድ፣ አመድህን ከፈለግህ ወንዙ ወስዶታል፤ ተከተለው።»

ይኼን ማንም አላሰበውም ነበር። የበሬ ቆዳ ያስገባው፣ እንጨት የሰነጠቀው፣ በግ የነዳው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እስከ ሐሙስ ድረስ አብዛኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ ኮፍያቸውን በእጃቸው አሽከርክረው «ለኔ መዝገቡ እንዳለ ይቁም» አሉ። ሻምበሉ ብቻ በድሉ ጸና። ሱቁ አሥራ አንድ ፓውንድ ቢቆረጥበትም መተንፈስ ቻለ። ጽሩያ ግን ልቧ አልተመለሰም። ብዕሩን ባነሳች ቁጥር «ማንም» የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ላይ ታንቃጭላለች፤ ንዴቱ እንቅልፍ ነስቷታል።

ዓርብ ከሰዓት ቃስያ ፔክ መጣች። ቃስያ ከኮረብታው ሥር የምትኖር፣ ቀን ከሌት የተልባ እግር የምትፈትል፣ ቀጭንና ዝምተኛ ሴት ናት። በየሁለት ሳምንቱ ልቃቂቶቿን ይዛ ትመጣለች፤ ጽሩያ ትቀበላታለች፣ ትጽፋለች፣ ታነብላታለች፤ «ልክ ነው» ብላ ትሄዳለች። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ወስዳ አታውቅም። ጽሩያ ከደንበኞቿ ሁሉ የማትሰለቻት እሷን ብቻ ነበር።

«የሰው ወሬ አስፈራኝ» አለች ቃስያ ቅርጫቷን ባንኮኒው ላይ እያኖረች። «የኔስ አለ? ያጠራቀምኩት?»

«አለ። መዝገቡ እንዳለ ነው።»

«እስቲ ስንት ደረሰ? ላም አግኝቻለሁ። በሦስት ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ እሰጥሻለሁ ብሎኛል ሰውየው፤ አንቺ ትከፍይልኛለሽ ብዬዋለሁ።»

ጽሩያ ገጹን ገለጠች። ገለጠችና ቆመች። ከላይ «ኢታምር ፔክ» ይላል፤ የቃስያ ባል። በቀኝ በኩል ክር፣ ክር፣ ክር። በግራ በኩል ሩም፣ ሩም፣ ሩም፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንባሆ። ሁለቱንም የጻፈችው እሷ ራሷ ናት። ሰኞ የሚስትዮዋን ክር ትጽፋለች፣ ቅዳሜ የባልዮውን ሩም ትጽፋለች፤ ሁለቱንም ታነብላቸዋለች፤ ሁለቱም «ልክ ነው» ይላሉ። ልክም ነው።

«ምነው?» አለች ቃስያ።

«ምንም የለሽም» አለች ጽሩያ። ማለስለስ አታውቅበትም። «ኢታምር ጠጥቶታል። እንዲያውም አራት ሽልንግ ዕዳ አለበት።»

ቃስያ መዝገቡን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ማንበብ ትችላለች፣ እንደ ሁሉም ሴት። ጣቷን በየመስመሩ ላይ ወደ ታች አንሸራተተች።

«እኔ የታለሁ?»

«ይኸው…» ጽሩያ አሳየቻት። «‘ስድስት ልቃቂት ክር፣ በሚስትህ እጅ።’ ይኸው እዚህ፣ ‘ስምንት ልቃቂት፣ በሚስትህ እጅ።’»

«ስሜ የታለ?»

«ገጹ የኢታምር ነዋ። የሚስት ገቢ የባል ነው። ሕጉ ነው፣ እህቴ፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«የፈተልኩት እኔ ነኝ። የተቀበልሽኝ አንቺ ነሽ። ባንኮኒው ላይ ከሁለታችን ሌላ ሰው አልነበረም። ስሜንም ታውቂዋለሽ፤ ‘ደህና አደርሽ ቃስያ’ ትይኛለሽ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ማንም አላመጣውም ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

ጽሩያ ልትቆጣ ፈለገች፤ የምትቆጣው ሰው አጣች። ሳምንቱን ሙሉ ዳኛውን ስትረግም፣ ባሏን ስትነዘንዝ፣ ሻምበሉን በሐሳቧ ወንዝ ስትከት ከርማለች። አሁን መዝገቡን ስታይ አፈረች። ጽሕፈቱ የሷ ነው። ሌላ የምታሳብብበት እጅ የለም። መስመሮቹን ቆጠረቻቸው፤ መቶ አራት ነበሩ፤ የክሩም ዋጋ ስድስት ፓውንድ ከሁለት ሽልንግ።

«ገጽ በስምሽ ብከፍት እንኳ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ መለመን ብሎ፤ «ዳኛ ፊት አይቆምም።»

ቃስያ ቀና ብላ አየቻት። «ያንቺስ መቼ ቆመ?» አለቻት።

ጽሩያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከመዝገቡ መጨረሻ ባዶ ገጽ ገለጠች፤ ከላይ በትልቁ «ቃስያ ፔክ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወደ ኢታምር ገጽ ተመልሳ ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈውን የመጀመሪያውን የክር መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችና ወደ አዲሱ ገጽ ገለበጠችው። ሕዝቅያስ ከጓዳ ብቅ ብሎ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አየ። ጽሕፈት ባያውቅም ስረዛ ያውቃል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ክሩን ለፈተለችው እየሰጠሁ ነው። ሩሙ ለጠጣው ይቀመጥለታል።»

ሕዝቅያስ በጣቶቹ አስቦ ደነገጠ። «ስድስት ፓውንድ! አሥራ አንዱ ሳይበቃን? ከነጋዴው ጋር ምን ልንሆን ነው?»

«የኔን የብር ማንኪያዎችና ያንተን ፈረስ እንሸጣለን። ኢታምር ሩሙን ሲያዝዝ ‘ከየት ነው የምትከፍለው?’ ብለን አልጠየቅነውም፤ ቅዱልኝ አለ፣ ቀዳንለት።»

«ኢታምር ይከሰናል እኮ፣ ጽሩያ! መዝገቡን ነካክተሽ…»

«ይክሰሰን!» አለች። «ማንን ሊከስ ነው? መዝገቡን ማንም አልጻፈውም። ዳኛው ራሳቸው ናቸው ያሉት፣ አገር ሰምቷል።»

ቃስያ ቅርጫቷን አንሥታ አልሄደችም፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ እያንዳንዱን ፊደል ታይ ነበር። ጽሩያ አንገቷን ሳታቀና ብዕሩን ነክራ ሁለተኛውን መስመር ሰረዘች፤ ሌላ መቶ ሁለት ይቀራት ነበር።